ሃያ አራት ከረጢት

ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ነው፤ እኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ። ባለቤቴ የሺ «ሰባ አምስት ነው፤ ሁለተኛዋን ያረገዝኩት ያን ጊዜ ነው» ትላለች። እኔ ሰባ አራት ነው ብያለሁ። በዚህ ነገር ስንከራከር አርጅተናል፤ አሁን ለወረቀት ብዬ አልሸነፍላትም። ወሩ ግን አያጣላንም። ሁዳዴ ነበር፣ መጋቢት ማለቂያው ላይ፣ በልጉ መጣሁ እያለ የሚቀርበት፣ ቀረሁ እያለ የሚመጣበት ጊዜ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ሽታ ነው። ባለፈው ወር ልጄን ልጠይቅ ከሳጉሬ አሰላ ሄጄ ነበር። ከመናኸሪያው ወጥቼ ወደ ቤቷ ስሄድ፣ ድሮ ጭቃው ጫማ የሚያስቀር በነበረው መንገድ ዳር ወጣቶች ተደርድረው ለኮብልስቶን ድንጋይ ይጠርባሉ። መዶሻው ሲያርፍበት ከድንጋዩ ሽታ ይወጣል። የተተኮሰ ጥይት ሽታ ዓይነት፣ የተለበለበ ፀጉር ዓይነት። ድንጋይ ይሸታል ብላችሁ የማያምን አለ፤ የማያምን ሄዶ ያሽትት። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አንዱ ልጅ ቀና ብሎ፣ «አባባ፣ መንገዱ ጠፋብዎት?» አለኝ። «መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ይልቅ አንዴ ድገመው፣ ላሽትት» አልኩት። ጓደኞቹ ሳቁ። እሱ ግን ደግ ልጅ ነው፣ ደገመልኝ። ይህን ሽታ በሕይወቴ እንዲህ አድርጌ ያሸተትኩት በሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ሁለቱም ቀን አጠገቤ ፀዳለ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች።

ያን ጊዜ ሳጉሬ ዛሬ እንደምታዩዋት አልነበረችም። ባጃጅ የለ፣ ፎቅ የለ። ከአሰላ የሚመጣው አውቶቡስ በቀን አንዴ ቢመጣ ተመስገን ነው፤ የቀረውን የሚያመላልሰው ጋሪና ፈረስ ነበር። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ዳቦ በአሥር ሳንቲም። ዛሬ በዚያች ሳንቲም ለማኝም አይመርቅህም። እኔ የምለብሰው ከጦር ሠራዊት የወጣ ካኪ ኮት ነው፣ ክርኑ ላይ የሺ በሌላ ካኪ ጥፋዋለች፤ እግሬ ላይ ኮንጎ ጫማ። ኮንጎን ያላደረገ አያውቃትም፤ በጋ ታቃጥላለች፣ ክረምት ታንሸራትታለች፣ ግን አታልቅም። ሻይ ቤቱ ራዲዮ ነበረው፤ ጠዋት ሰልፍ፣ ማታ ሰልፍ ይዘፍናል። ባለቤቱ ደንበኞቹ የታመኑ መሆናቸውን ሲያውቅ ብቻ ራዲዮውን ዘግቶ በቴፕ የፍቅር ዘፈን ይከፍታል፤ ድምፁን ቀንሶ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ፍቅር ኮንትሮባንድ ይመስል። የእኔ ሥራ ጭነት ነበር። ዳማ የሚባል ፈረስ ነበረኝ። ገብስ ይሁን፣ ባቄላ ይሁን፣ ከገበሬው አምጥቼ ገበያ አደርሳለሁ። ጢቾ ድረስም፣ ሮቤ ድረስም ሄጃለሁ በዳማ። ከዳማ ጋር የሚስተካከል ፈረስ በአርሲ ምድር አልነበረም፤ ነበር የሚለኝ ካለ ይምጣና እንከራከር።

አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ ያደረግኩት አይገባችሁም። በዚያ ዘመን ሁሉ ነገር ቁጥር ነበረው። ቤታችን በር ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፏል። ከቀበሌ ሱቅ ስኳር የሚሰጥህ በካርድህ ቁጥር ነው፣ ሳሙናውም እንዲያው። ባለ ሱቁ ፊትህን አያይም፣ ካርድህን ነው የሚያየው። አንድ ቀን የየሺን ካርድ በስህተት ይዤ ሄጄ፣ ሰውየው የልጅነት ጓደኛዬ ሆኖ ሳለ፣ «አንተ እኮ የለህም» ብሎ መልሶኛል። እኔም ፊደልና ቁጥር የቆጠርኩት በዚያው ሰሞን ነው፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ከማሳና ከጭነት መልስ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ። ፊደሉ አስቸግሮኛል፣ እውነቱን ለመናገር ዛሬም ያስቸግረኛል። ቁጥሩ ግን ወዲያው ነው የገባኝ። የምስክር ወረቀት ተሰጥቶኛል። እና ቁጥር ማለት ለእኔ ያን ጊዜ የነገሩ ዋና ማለት ነው። ቁጥሩ ካለ ነገሩ አለ።

ታዲያ አንድ ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከድር አስጠራኝ። ከድር ጎረቤቴ ነው፣ አጥራችን አንድ ነው። ሰው ፊት ጓድ በቀለ ይለኛል፣ ሰው ከሌለ በቄ ነኝ።

«ጓድ በቀለ፣ ከአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጥተው ትምህርት ቤቱ ውስጥ አርፈዋል። ጭላሎን ሊያጠኑ ነው። ጠንካራ ፈረስ ይፈልጋሉ» አለ።

«ምን ሊጭኑ?»

«ድንጋይ።»

«ከየት ወዴት?»

«ከተራራው ወደዚህ።»

ቢሮው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ድንጋይ በሌለበት አገር ቢሆን ይሁን። ሰዎቹ ሲወጡ ከድር ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «በቄ፣ ማል ጄታ? ምን ትላለህ? ሰው ለድንጋይ ብሎ ነዳጅ አቃጥሎ ይመጣል? ወርቅ ነው። ወርቅ ባይሆንም አንድ ነገር ነው። ዓይንህን ጣል።»

ዓይኔን ጣልኩ። ያየሁት ግን ይበልጥ ግራ አጋባኝ። አሥራ ስድስት ልጆች ናቸው። ወንዶቹ ከታች የሰፋ፣ መንገድ የሚጠርግ ሱሪ ለብሰዋል፤ ጭቃውን ሲያዩ ወደ ላይ ይጠቀልሉታል። አስተማሪያቸው አጠር ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያሰሩ ሰው ናቸው፤ ዶክተር ይሏቸዋል። ይህን የሰማች ጎረቤታችን የሆድ ቁርጠቷን ይዛ መጥታ፣ «ዶክተር ከሆኑ አንድ ጊዜ ይዩኝ» ብላ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ግማሽ ቀን ተቀምጣለች። የድንጋይ ዶክተር ናቸው ብንላት፣ «እኔም ሆዴ ውስጥ ያለው ድንጋይ ነው» አለችን።

ፀዳለ ቀጭን ልጅ ናት፣ የወንድ ሱሪ በጎማ ቦት ውስጥ ከትታ፣ ቀበቶዋ ላይ መዶሻ አንጠልጥላለች። የመመረቂያ ወረቀቷ ይህ ተራራ ነው። ከታች ከወንዙ እስከ ጫፉ ድረስ ሃያ አራት ቦታ ላይ እየቆመች ከዐለቱ አንድ አንድ ድንጋይ ትሰብራለች። እያንዳንዱ በአቡጀዲ ከረጢት ይገባል፣ ከረጢቱ ላይ በጥቁር ቀለም ቁጥር አለ። አንድ ወንዙ ነው፣ ሃያ አራት ጫፉ። ዶክተሩ ባዶዎቹን ከረጢቶች ቆጥረው አስረከቡኝና «ይፈርሙ» አሉኝ። ፈረምኩ። ጣት ሳላጠቅስ፣ በእጄ ጽፌ ስፈርም የመጀመሪያዬ ነው። «ሃያ አራት ከረጢት ተረክቤአለሁ» ይላል ወረቀቱ። ልብ በሉ፤ ከረጢት ነው ያለው፤ ስለ ድንጋይ ያለው ነገር የለም። በዚያ ዘመን የፈረሙበት ነገር ሲጎድል ምን እንደሚከተል እናውቃለን። ከኛው ሰፈር አንድ ሰው አንድ ጆንያ ስንዴ ጎደለበት ተብሎ፣ «አሻጥር ነው» ተብሎ፣ ሄዶ የተመለሰው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ሲመለስም ያው ሰውዬ አልነበረም።

ንጋት ላይ ወጣን። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ነው። ከፀዳለ ጋር አንድ ወፍራም ልጅ ተመድቦላታል፣ ዶክተሩና የቀሩት ደግሞ ከታች መንገድ ሲሠራ በተቆረጠው ገደል ዳር ይሠራሉ። ዘጠነኛው ድንጋይ አካባቢ ጉም መጣ፣ ሄደ። ጥዱን አልፈን ኮሶው ውስጥ ስንገባ ዝናብ መጣ፣ ሄደ። ኮቴን ለብሼ፣ አውልቄ፣ ለብሼ ሰለቸኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ተራራ ድሮ እሳት ነበር፤ ያውቃሉ?» አለችኝ ፀዳለ፣ ድንጋይ እየሰበረች። ያች ሽታ ወጣች።

«መቼ ነው እሱ?»

«ሰው ሳይፈጠር በፊት።»

«ማን አየው ታዲያ?»

ወፍራሙ ልጅ እያለከለከ ሳቀ። «መልሺለት እንጂ! ይሄ እኮ የዶክተርን ፈተና ነው የጠየቀሽ።»

«ድንጋዩ ላይ ይታያል፣ ጋሼ። ይሄንን ይዩ፣ እነዚህ ቀዳዳዎች ትንፋሽ የወጣባቸው ናቸው። ያንን ደግሞ ይዩ፣ ሌላ ነው።»

አየሁ። ሁለቱም ድንጋይ ናቸው። «አያቴ ከመንዝ መጥተው እዚህ ሲሰፍሩ ብርድ ነበር ነው ያሉን፤ እሳት አላሉንም» አልኳት። ልጅቷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እስክትበቃ ሳቀች።

ከኮሶው በላይ፣ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ጋ ስንደርስ ወፍራሙ ልጅ ትንፋሽ አጠረው፣ ከንፈሩ ጠቆረ። ሊያዩን እስከ ኮሶው የወጡት ዶክተር ከታች ፊሽካ ነፍተው ሁለቱም እንዲመለሱ በእጃቸው ምልክት ሰጡ። ልጁ ወረደ። ፀዳለ አልወረደችም። «የቀረኝ ስድስት ነው። ሴት ስለሆንኩ ጫፍ አልደርስም ብለው ተወራርደውብኛል፣ ጋሼ» አለችና ስድስት ከረጢት አንገቷ ላይ አስራ ወጣች። ፈረስ ከዚያ ወዲያ አይሄድም፤ እኔ ከዳማ ጋር አስታው ውስጥ ቀረሁ። ጉሙ ወረደና ዋጣት። መጀመሪያ የመዶሻዋ ድምፅ ይሰማኛል፤ ቋ፣ ቋ። ከዚያ እሱም ጠፋ። ተጣራሁ፤ መልስ የለም። የሰው ልጅ አስበላሁ ብዬ ስንት ጊዜ አማተብኩ። ሰባት ሰዓት አልፎ ከጉሙ ውስጥ ወጣች፣ ፀጉሯ ርሶ፣ ጉልበቷ ደምቶ፣ ጥርሷ ሁሉ እየታየ። «ደረስኩ! ሃያ አራት!» አለችና ዳማን አንገቱን አቅፋ ሳመችው። እኔን ልትስም ፈልጋ ያፈረች ይመስለኛል።

ገና ከረጢቶቹን ጭኜ ሳልጨርስ ሰማዩ ጠቆረ። በረዶ። የባቄላ ፍሬ የሚያህል፣ ኋላ ደግሞ የሎሚ ፍሬ። ለእግረኛ አቋራጭ አለ፣ ፈረስ ግን አይወርደውም። «አንቺ በዚህ ሩጪ፣ እኔ በወንዙ በኩል እዞራለሁ» አልኳት። ማስታወሻ ደብተሯን ብብቷ ውስጥ ከትታ ሮጠች።

መሻገሪያው ጋ ስደርስ ወንዙ ጠዋት የተሻገርኩት ወንዝ አይደለም። በረዶው መሬቱን ነጭ አልብሶታል፣ ውሃው ቡናማ ሆኖ ያገሳል። ዳማ መሃል ገብቶ ተንሸራተተ፣ በአንድ ጉልበቱ ወደቀ። ተነሳ ስለው ጭነቱ ወደ ታች ይጎትተዋል። ዓይኑን አየሁት። እንዲህ ዓይነት ዓይን ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ጭነቱን በቢላ ቆርጬ ወደ ዳር ጎተትኩ፣ እሱም ተነሳ። ግን ቁርጭምጭሚቱ አብጧል፤ ያንን ሁሉ ድንጋይ አሸክሜ ዳገትና ቁልቁለት ባስኬደው ይሰበራል። ምን ላድርግ? ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ፈታሁ፣ ድንጋዩን መሻገሪያው ዳር ጣልኩ፣ ከረጢቶቹን አጣጥፌ ኮቴ ውስጥ ከተትኩ። የፈረምኩት ለነሱ ነው። አንድም አልጎደለም። እውነት እላችኋለሁ፣ ያን ጊዜ ልቤ ንጹሕ ነበር። እንዲያውም ጥሩ ሠራሁ ብያለሁ።

ከሳጉሬ በላይ ስደርስ፣ ይሄ የበልግ ነገር፣ ፀሐይ ወጣች። ወፍ ይንጫጫል። ምንም ያልሆነ ይመስላል። እዚያ ታችኛው ወንዝ ዳር ቁጭ ብዬ ከረጢቶቹን ሞላሁ። በዘፈቀደ አልሞላሁም። ጥቁር የነበረበት ለመሰለኝ ጥቁር፣ ቀይ ለመሰለኝ ቀይ፣ ቀዳዳ ያለውን ለቀዳዳው ፈለግኩ። አጥቤም ነው የከተትኩት፣ እንዲያምር። ከዚያ ለዳማ የሚከብደው ጥቂት መንገድ ብቻ ነው፤ ግማሹንም እኔው ተሸከምኩ። ሃያ አራት ቁጥር፣ ሃያ አራት ድንጋይ። ስኳር በቁጥር ከሆነ፣ ቤት በቁጥር ከሆነ፣ እኔ ራሴ በቁጥር ከሆንኩ፣ ድንጋይ ከማን ይበልጣል?

ትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ ተማሪዎቹ ሁሉ ተሰብስበዋል፣ ከድርም ወርቁን ሊያይ መጥቷል። ፀዳለ ሃያ አራት ቁጥርን ለዶክተሩ አቀበለች፤ ጫፉን ማለት ነው። ዶክተሩ ከፈቱ። ድንጋዩን አገላበጡት። መነጽራቸውን አደረጉ። ሌላ ከፈቱ። ሌላ።

«ፀዳለ፣ ይሄ የወንዝ ድንጋይ ነው።»

«ምን አሉ ዶክተር?»

«ውሃ ያሻሸው ድንጋይ ነው። ተመልከቺ፣ ክብ ነው። መዶሻ የነካው ፊት የለውም። ከጭላሎ ጫፍ ነው ያመጣሁት ትይኛለሽ?»

ልጅቷ ድንጋዩን ተቀብላ አየችው። ፊቷ አመድ ሆነ። አንዱ ተማሪ ከኋላ፣ «ውርርዱን በልተናል ማለት ነው?» አለ፤ ጥቂቶች ሳቁ። ዶክተሩ አልሳቁም። «በፊሽካ ጠርቼሽ አልተመለስሽም። ጉም ውስጥ ማንም አላየሽም። ወንዝ ዳር ተቀምጠሽ ለቅመሽ መጣሽ። መውጣት ያቅታል፣ አያሳፍርም። መዋሸት ግን… ይህን ወረቀት አልቀበልም።»

ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ ከረጢቶቹ መንገድ ላይ ወድቀው ነበር?»

ከድር አጠገቤ ቆሟል። «አሻጥር ነው እንዴ?» አለ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ። እኔም፣ «ሃያ አራቱም አሉ። ቁጥራቸውም ልክ ነው» አልኩ። ይህን ነው ያልኩት። ውሸት አልነበረም፣ እውነትም አልነበረም። ቁጥር ለካ እንደዚህም ይሆናል።

ቧንቧው ጋ ጉልበቷን ስታጥብ አገኘኋት። ወረቀቱን ካልተቀበሏት እንደማትመረቅ ነገረችኝ፤ አንድ ዓመት ቀድሞ ስለወደቀች ሌላ ዕድል የላትም፣ ትባረራለች። ግን የገደለኝ ይህ አይደለም። ቀና ብላ፣ «ጋሼ፣ እኔ ወጥቻለሁ አይደል?» አለችኝ።

«ወጥተሻል እንጂ።»

«ጉም ነበር እኮ። ምንም አይታየኝም ነበር። ምናልባት ጫፍ መስሎኝ ሌላ ቦታ ደርሼ… ግን ድንጋዩ…» እጇን አየችው፣ ከመዶሻው የቆሰለውን። የገዛ እጇን ማመን አቃታት። ይህን እኔ ነኝ ያደረግኩት።

ቤት ገብቼ ለየሺ ነገርኳት። ሽሮዋን እያማሰለች ሰማችኝና፣ «ፈረሱን ማዳንህ ደግ። ግን ለምን ሞላኸው? ባዶውን ብትሰጣቸው ኖሮ ልጅቷ ትድን ነበር» አለች። አርባ ዓመት ስከራከራት መልስ ያጣሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ብናገር ከድር ያስረኛል» አልኩ። «ይሰርህ፤ ስንቅ አመጣልሃለሁ» አለች።

በማግስቱ አውራ ዶሮ ሲጮህ የጎረቤት በቅሎ ለምኜ ወደ መሻገሪያው ወጣሁ። ውሃው ጎድሏል፣ በረዶው ሟሙቶ ሁሉም ድንጋይ ብቻ ነው። የኔዎቹን እንዴት ልለይ? ከዚያ ገባኝ፤ የዶክተሩ ቃል ነው የገባኝ። የወንዙ ድንጋይ ሁሉ ክብ ነው፤ የሷ ግን አንድ ፊቱ በመዶሻ የተሰበረ፣ ስለቱ እጅ የሚቆርጥ ነው። ጎንበስ ብዬ በእጄ እየዳሰስኩ ለቀምኩ። ሃያ ሦስት አገኘሁ። አንዱን ውሃ ወስዶታል።

ሁለት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ተማሪዎቹን የሚመልሰው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ፣ ዕቃ እየጫኑ ነው። ጆንያውን በረንዳው ላይ ዘረገፍኩት። «ትናንት የጣልኩት እኔ ነኝ፣ ከወንዝ የሞላሁትም እኔ ነኝ። ልጅቷ ወጥታለች» አልኩ። ከድር ደብተሩን አወጣ፣ እስክሪብቶውን አወጣ፣ ደብተሩን አየ፣ እኔን አየኝ። «ድንጋይ ጥሎ ድንጋይ ከተተ… ወንጀሉ ምን ተብሎ ይጻፍ?» አለ ጮክ ብሎ። መልሶ ኪሱ ከተተው። ጎረቤት ደጉ።

ዶክተሩ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚለቁ ሰው አይደሉም። «አዝናችሁላት አንድ ላይ ያመጣችሁት ቢሆንስ? ይሄ ከየትኛው ቦታ እንደመጣ አሁን ማን ያውቃል? ቁጥር የለውም» አሉኝ።

«እኔ አውቃለሁ» አለች ፀዳለ። በረንዳው ላይ ተንበረከከች። «እሳቸው ቁጥር ይጥሩ፣ እኔ ድንጋዩን አነሳለሁ። እርስዎ ደግሞ ደብተሬን ይዘው ያመሳክሩ።»

ባዶዎቹን ከረጢቶች አመጡልኝ። እኔ መጥራት ጀመርኩ። «አንድ!» አነሳች። ዶክተሩ ደብተሩን አዩ፣ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ሁለት!» አነሳች። ፊትም የሌለው፣ ስምም የሌለው ድንጋይ፣ እንደ ልጆቿ ታውቀዋለች። አንዱን መረመረችውና ሰበር አድርጋ አሸተተችው፤ ያች ሽታ ናት። ተማሪዎቹ ከአውቶቡሱ ወርደው ከበቡን። ትናንት የሳቀው ልጅ ትንፋሹን ይዟል።

ወረቀቷን ተቀብለዋታል፤ ዶክተሩ ደብተሯ ላይ ሲፈርሙ በዓይኔ አይቻለሁ። ውሃ የወሰደው ሃያ ሁለተኛው ነበር፤ እሱን ሳይፈርሙ «የለም» ብለው ጻፉበት። አውቶቡሱ ከድልድዩ እስኪያልፍ እጇን በመስኮት አውጥታ ስታውለበልብ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰች አላውቅም፤ ደህና ቦታ ደርሳ ይሆናል። እስከ ዛሬ ግራ የሚያጋባኝ ይህ አይደለም። ዘጠኝ ቁጥር ነው።

ለማንም ያልነገርኩት የእግሬን አውራ ጣት ነገር ነው። መሻገሪያው ላይ ድንጋዮቹን ስጥል ከዘጠኝ ቁጥር ከረጢት የወጣው፣ ቀይ፣ እንደ ዳቦ ጠፍጣፋ ድንጋይ እግሬ ላይ ወድቆ ጥፍሬን አጥቁሮታል። ዘጠኝ ቁጥርን በስሙ እየጠራሁ ረግሜዋለሁ፤ እንዴት እረሳለሁ? እና ያን ቀን ጠዋት በረንዳው ላይ «ዘጠኝ!» ብዬ ስጠራ፣ ቀይዋ ድንጋይ እዚያው ጉልበቷ ሥር ተጋድማ፣ እሷ አልፋት ሄዳ ጥቁር አነሳች። ዶክተሩ ደብተሩን ገለጡ። ገጹ በበረዶው ርሶ ቀለሙ ፈስሷል፤ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ አይነበብም። መነጽራቸውን አወለቁ። «እርግጠኛ ነሽ?»

ዓይናቸውን ሳትሸሽ፣ «እርግጠኛ ነኝ» አለች።

እኔ ተሳስቼ ይሆን? በዚያ በረዶ፣ በዚያ ድንጋጤ ዘጠኝና ስድስት ተገልብጦብኝ ይሆናል። ወይስ እሷ አላወቀችውም፣ ደፍራ ነው ያነሳችው? ከሆነ የቀሩትንስ? ወፍራሙ ልጅም አያውቅ፣ ዶክተሩም አያውቁ፤ ከሁላችን የሚያውቀው ጥፍሬ ብቻ ነው። አፌን ከፈትኩ። ጉልበቷ ላይ ያለውን ቁስል አየሁ፣ የደረቀውን ደም። አፌን ዘጋሁ። ዘጠኝ ቁጥር ከረጢትን በሁለት እጄ ከፍቼ ያዝኩላት፣ ጥቁሯን ድንጋይ ጣለች፣ አፉን በክር አሰርኩ።

ከዚያ ጮክ ብዬ «አሥር!» አልኩ።